ሶል የማይበላ መንገድ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው "ሶል አንባቢው" እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም አልጠላውም። ጫማ ይዞ የመጣን ሰው ፊቱን ቀና ብሎ ሳያይ ጫማውን ይገለብጥና ሶሉን ያያል፤ ከዚያ መናገር ይጀምራል። "ግራ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ይታከሙ" ይላል። "አንተ ደግሞ ሥራ ለውጠሃል፤ ድሮ ተቀምጠህ ነበር የምትውለው፣ አሁን ቆመህ ነው" ይላል። አንዷን ሙሽራ፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጫማ ጠቦሻል፤ ለፎቶው ብለሽ ነው የገዛሽው" ብሏት ከእናቷ ጋር አጣልቷታል። አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። ጉድ የሠራውም ይኸው አለመሳሳቱ ነው።

ሱቁ ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። ያለችው አንዲት መስኮት ከአስፋልቱ እኩል ስለሆነች፣ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚታየው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ዓለም ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያየው ይህንኑ ነው፤ የሚጣደፍ እግር፣ የሚጎተት እግር፣ ቆሞ የሚያመነታ እግር። በመደርደሪያው ላይ በጠመኔ ቁጥር የተጻፈባቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። በመሃል ጫማ የሚደፋበት ብረት እግር ቆሟል፤ በአጠገቡ ወስፌው፣ በሰም የታሸ ክሩና ክዳኑ በደንብ የማይገጥም የማስቲሽ ቆርቆሮ አሉ። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ መስኮቱን በጫማዋ አፍንጫ ኳ ኳ ታደርጋለች። ያን ጊዜ መዶሻውን ያስቀምጣል። ረቡዕ ረቡዕ ግን ሱቁ ዝግ ነው። ረቡዕ ከከተማው ማዶ ቆዳ ነጋዴዎቹ ዘንድ ሄዶ፣ ቆዳ ሲያገላብጥና ሲከራከር ውሎ ሲመሽ ይመለሳል።

ከቤታቸው ወጥ ቤት መስኮት ኮረብታው ይታያል። ዛፍ የለበትም። ጠዋት ጠዋት ደመና የሚተኛበት፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ የሆነ ረጅም ጀርባ ነው። ፀጥ ያለ ነው ይላሉ የሄዱበት ሰዎች፤ ነፋስና አልፎ አልፎ ከሚጮህ በግ በስተቀር ምንም አይሰማም። ሚስቱ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ዕቃ እያጠበች፣ "አንድ እሑድ እዚያ ላይ እንውጣ እንጂ" አለችው።

"ያንን ኮረብታ አታውቂውም" አላት።

"አንተስ ታውቀዋለህ?"

"በሶሉ አውቀዋለሁ።"

ደግሞም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ከኮረብታው የተመለሱ ሰዎች ጫማቸውን ይዘውለት ይመጣሉ፤ ታኮው ወደ ጎን የተበላ፣ አፍንጫው በድንጋይ የተሰነጠቀ፣ ስፌቱ ውስጥ ቀይ ጭቃ የደረቀበት። አንድ ጊዜማ አፉን እንደ ተራበ ሰው የከፈተ ቡትስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤት ድረስ አመጣና ከራት በፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። "ይሄ ከወር በፊት አዲስ ነበር። ሰው ከነሥጋው ቢሄድበት ምን እንደሚያደርገው አስቢው" አላት። እሷም፣ "አስቤዋለሁ፤ አሁን ከምግቡ አጠገብ አንሳልኝ" አለችው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እሷን ግን ናፈቃት። በየዓመቱ፣ ዝናቡ ሄዶ ሣሩ ሲያብብ፣ አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች፤ እሱም በየዓመቱ አንድ ጫማ በማስረጃነት ያቀርባል። እንዲህ እያሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሄዱ። ከዚያ መጠየቋን ተወች። ተረታችልኝ ብሎ በሆዱ ደስ አለው። በዚያው ዓመት ቡናማ የመራመጃ ጫማ በእጁ ሰፍቶ ሰጣት፤ እንደ ካሣ ነገር። የሚገርመው ያ ጫማ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሶሉ አልተበላም። "የእጄ ሥራ ነው" እያለ ለደንበኛ ሁሉ ያወራል። "የሚስቴን ጫማ ብታዩት ትናንት የተሰፋ ነው የሚመስላችሁ!"

በሽታውን ቀድሞ ያየው እሱ ነበር፤ ያየውን ግን አላወቀውም። ከዓመት በፊት የገበያ ጥቁር ጫማዋ አፍንጫው ተፋቀ። አስተካከለው። ደግሞ ተፋቀ። የቀኙም ጎን ግድግዳ እንደ ታከከ ነጭ ሆነ። "ምን ነካሽ? ግዴለሽ ሆነሻል" ብሎ ተቆጣት። እሷም "እንጃ፣ እርጅና ይሆናል" አለች። ነርሷ ልጃቸው መጥታ እናቷ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ስታስቀምጥ እስክታይ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ቀረ። ልጅቱ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ከጎን ከጎን ጀምሮ ይዘጋል፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም። "እስካሁን መሃሉ ደህና ነው። የዛሬ ዓመት ግን ምን ያህል እንደሚያዩ ቃል አልገባልዎትም" አላት በትሕትና። ባልየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሐኪሙን ጫማ ያይ ነበር። ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት ማየት ከበደው። እነዚያ የተፋቁ አፍንጫዎች ምን ይሉት እንደነበር ገና አሁን ገባው።

ሲመለሱ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ሦስቱ ተደርድረው ተቀመጡ። ሚስቱ በመስኮት እያየች፣ "አንድ ነገር ልለምንህ" አለችው።

"ምን?"

"ኮረብታው ላይ አብረን እንውጣ። ዓይኔ ሳይዘጋ።"

በእጁ ጫማ አልነበረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ "እሺ" አለ። ቃሉን ለማጥበቅ ብሎም፣ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲል ጨመረ።

ልጅቱ ከአጠገቡ፣ "አባዬ፣ የወለድከው እኮ እኔን ብቻ ነው" አለችው። እናቲቱ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሌላው ተሳፋሪ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ድረስ።

በዚያው ሳምንት ዕቅዱ ተጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ካርታ ይፈልግ ነበር፤ ወይም የሄደበትን ሰው አስቀምጦ ይጠይቅ ነበር። ሶል አንባቢው ግን የጫማ ልክ የሚያወጣበትን ቡናማ ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ኮረብታውን ከሶሎቹ ላይ ይገለብጠው ጀመር። ጭቃው ከስፌቱ በታች ስለሚገኝ፣ ጭቃው መጀመሪያ ነው። ጠጠሩ ከጭቃው ላይ ስለሚለጠፍ ጠጠሩ ይከተላል። አፍንጫ የሚሰነጥቀው ቋጥኝ ደግሞ መጨረሻ፣ ሰው ደክሞ እግሩን ማንሳት ሲያቅተው። እያንዳንዱን ቦታ በእርሳስ ከበበው። እዚህ ዕረፍት፣ እዚህ ውኃ፣ እዚህ የተቀቀለ እንቁላል፣ እዚህ እጇን መያዝ፣ እዚህ በሁለት እጅ መያዝ። በወረቀቱ ጫፍ ላይ ፋሻና አዮዲን ብሎ ጻፈ።

ሚስቱ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ወረቀቱን ቁራሽ በቁራሽ አየችው። "ሽርሽር ነው ጦርነት?" አለች።

"ኮረብታው ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ!"

"ከጀርባ በኩልስ? ከውኃ ታንከሩ አጠገብ የሚነሳ መንገድ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ማን አለ?"

"ሰው።"

"የዚያ ሰው ጫማ የት አለ?" አለና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ተቀምጬ በዚያ በኩል ሄዶ የመጣ አንድ ጫማ አላየሁም። መንገድ ቢኖር ጫማ ይመጣ ነበር።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለችና ሻይዋን አማሰለች። ማንኪያውን ስኒ ማስቀመጫው ላይ ልታኖር ስትል ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሱ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ዕቅዱ አለቀ፤ ቀጥሎ የጫማው ጉዳይ መጣ። ለእንዲህ ያለ መንገድ ቡናማው ጫማሽ አይሆንም አላትና ሁለት ጥንድ ቡትስ መስፋት ጀመረ፤ ለሷና ለሱ። ሶሉ ድርብ፣ አፍንጫው ቆርቆሮ የገባበት፣ ቁርጭምጭሚቱ በወፍራም ቆዳ የታጠረ። አንድ ወር ፈጀ። አድርጋው ስትቆም ግራ እግሯን ማንሳት አቃታት። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጫማ ነው የቤት መሠረት?" አለችው። ወስዶ ትንሽ አቀለለው። ከዚያ ማሰሪያው አልጣመውም። ከዚያ ደግሞ ቆዳው እስኪለሰልስ ትንሽ ይቆይ አለ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ልጅቱ በስልክ፣ "አባዬ፣ ክረምት ሊገባ ነው እኮ" አለችው። ማስታወስ አላስፈለገውም። ክረምቱ ከገባ ኮረብታው ሦስት ወር በጉም እንደሚሸፈን፣ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የሚያየው ዓይን ላይኖር እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል።

እውነቱ ፈርቶ ነበር። ወረቀቱን ባየ ቁጥር ያንን ቋጥኝና የእሷን ጎን የማያይ ዓይን አብሮ ያያል። ድንጋይ ከጎን ነው የሚመጣው። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ማክሰኞ ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ መስኮቱን ኳ ኳ አድርጋ በሩን ከፈተችና ሦስተኛውን ደረጃ ሳተችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረደችውን ደረጃ ነው። ምሳ ዕቃው ተንከባለለ፣ እሷም በመዳፏ ወለሉ ላይ አረፈች። ያን ያህል አልተጎዳችም፤ መዳፏ ተላጠ። እሱ ግን መዳፏን ይዞ ውኃው እስኪያልቅ ደጋግሞ አጠበው።

ረቡዕ ቆዳ ነጋዴዎቹ ጋ ዋለ፤ ከማንም ጋር ሳይከራከር የሰጡትን ይዞ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ቁርጡን ወስኖ ነበር። ኮረብታው ይቀራል። ዛሬ በምሳ ሰዓት ይነግራታል። ምን ብሎ እንደሚጀምር እያሰበ ሦስት ጊዜ ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት አቃተው። ወድቃ ከምትሞትብኝ፣ ቃሌን በልቼ ብትጠላኝ ይሻላል ሲል አሰበ። እንደዚህ አስቦም አልቀለለውም።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ረጅም አሮጊት ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወርደው የገቡት። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ድሮ በዚህች መስኮት ፊት ደብዳቤ ይዘው ሲያልፉ እግራቸውን ያውቀዋል። በላስቲክ የያዙትን ጫማ ሰጡት።

"ማሰሪያው ተበጥሶብኝ ነው፣ ወንድሜ።"

እንደ ልማዱ መጀመሪያ ገለበጠው። ሶሉ ሙሉ ነው። ትንሽ ለስልሷል እንጂ የትም ቦታ አልተበላም፤ ታኮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በስፌቱ ውስጥ ሁለት የሣር ፍሬ ተሰክቷል።

"እትዬ፣ እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት አይወጡም ማለት ነው" አለ። "መቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ደም ይረጋል።"

አሮጊቷ ሳቁ። "ስምህን ሰምቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ስተሃል። በዚህ ጫማ ስምንት ዓመት በየረቡዑ ኮረብታው ላይ ወጥቻለሁ።"

"የትኛው ኮረብታ?"

"ስንት ኮረብታ አለን?"

ጫማውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ደግሞ አየው። "አይሆንም" አለ። "ጭቃው የታለ? ጠጠሩ የታለ? ቋጥኙስ?"

"እሱ የፊት ለፊቱ ነው፤ ወጣቶቹ የሚፎካከሩበት። እኛ በጀርባ በኩል ነው የምንወጣው፤ ከውኃ ታንከሩ ተነስተን። ሣር ብቻ ነው። ኮረብታውን እንደ መቀነት ቀስ ብሎ ይዞረዋል። ሁለት ሰዓት ይፈጅ ይሆናል እንጂ አንድ ድንጋይ አትረግጥም። ባለፈው አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር አብራን ወጥታ ነበር።"

"ብዙ ሰው ይሄድበታል?"

"ምን ማለትህ ነው! የከተማው ሽማግሌ ሁሉ።"

"ታዲያ አንድም ሰው እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም እኮ!" አለ፤ ድምፁ እንደ ተበደለ ሰው ሆነ።

ፖስተኛዋ ግራ ገብቷቸው አዩት። "ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ጫማቸው አልተበላ።"

ሶል አንባቢው ጫማውን ጭኑ ላይ እንደያዘ ቁጭ አለ። በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የተበሉ፣ የተሰነጠቁ፣ አፋቸውን የከፈቱ ጫማዎች ተራ በተራ አየ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ምስክር አድርጎ የቆጠረው እነዚህን ነበር። ከኮረብታው በደህና የወረደ ጫማ በዚች በር ገብቶ አያውቅም፤ ምን ሊያደርግ ይገባል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቱን ከልክሎ የያዛት በሱቁ በር በገባው ብቻ ፈርዶ ነው። ኀፍረቱ ከጆሮው ጫፍ እስከ አንገቱ አቃጠለው።

ማሰሪያውን ሊሰፋ ሲያነሳው አንድ ነገር አየ። ቆዳው አልተበጠሰም። የተበጠሰ ቆዳ ጫፉ ይፍተለተላል፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ፖስተኛዋን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው የማስቲሹን ቆርቆሮ በጥሞና ያነቡ ነበር። እሱም የራሱ ጉድ ስለበዛበት ሳይጠይቅ ሰፍቶ ሰጣቸው።

ያን ቀን ምሳ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሱቁን ዘግቶ በአጭር መንገድ ቤት ገባ። ሚስቱ ምሳ ዕቃውን እየሞላች ነበር።

"እሑድ እንወጣለን" አላት በሩ ላይ ቆሞ፣ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ። "በጀርባ በኩል።"

"በጀርባ በኩል መንገድ አለ እንዴ?" አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"አለ። ጫማ አይቻለሁ።"

"እንግዲያው አለ ማለት ነው" አለችና ክዳኑን ገጠመችው።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እሷ ያን ቡናማ ጫማዋን አደረገች። እሱ ግን አንድ ወር የለፋበትን ቡትስ ትቶ መሄድ ሆዱ አልቻለም፤ ተጫማው። ከአውቶቡስ ወርደው ከውኃ ታንከሩ ኋላ ሲዞሩ መንገዱን አገኙት። ፖስተኛዋ እንዳሉት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ፣ አጭር ሣር የለበሰ መንገድ። ሚስቱ ክንዱን ያዘች። እሱ ወደ እግሯ እያየ "እዚህ ጉብታ አለ፣ እዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል" ይላል። እሷ "እሺ፣ እሺ" ትላለች።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሄዱ ቡትሱ ተረከዙን ላጠው። ጫማ ሰፊ እግሬን ጫማ ላጠኝ እንዴት ይላል? ዝም ብሎ አነከሰ። ጥቂት እንደ ሄዱ ሚስቱ፣ "ከዚህ ዞር ስንል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብለህ ታወልቀዋለህ" አለችው።

ዞር አሉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

ቆመ። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ቡናማውን ጫማ፣ ከዚያ ፊቷን አየ። ዘጠኝ ዓመት ያልተበላ ሶል። "የእጄ ሥራ ነው" እያለ የፎከረበት ሶል።

"ስንት ጊዜ?" አላት።

"ሰባት" አለች። አልካደችም። "ረቡዕ ረቡዕ፣ አንተ ቆዳ ስትመርጥ።"

"ከማን ጋር?"

"ከነፖስተኛዋ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ቡትሱን ለማውለቅ ጎንበስ ብሎ ሳያወልቀው ቆየ። አልተቆጣም ማለት ውሸት ነው። ተቆጥቷል፤ ከቁጣው ሥር ደግሞ የተተወ ሰው ስሜት ነበር። "ዘጠኝ ዓመት አፍሽን ዘግተሽ!" አለ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ከፍቼው ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ አጠገቡ እየተቀመጠች። "በወጣሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ አልተመለስኩም። ማታ ራት ላይ አንተ ስለ ቋጥኙ ስትነግረኝ፣ እሺ እያልኩ ሆዴ ይበላኝ ነበር።"

"አሁንስ ያንን ሁሉ ወረቀት ስጽፍ፣ ያንን ሁሉ ጫማ ስሰፋ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?" አለች። "ከጀርባ በኩልስ ብዬህ ነበር። የዚያ ሰው ጫማ የት አለ አልከኝ። አንተ የምታምነው ጫማ ነው። ስለዚህ ጫማ ላኩልህ።"

ያን ጊዜ ያ ቀጥ ያለ ቁርጥ ትዝ አለው። "ማሰሪያውን በመቀስ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ!"

"ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። እሳቸው ደህና ጫማ ነው አይቆረጥም ብለው ስንት ተከራከሩኝ መሰለህ።"

ሳይወድ ሳቁ መጣ። ሲስቅ ቁጣው ከየት እንደነበረ ጠፋበት። ቡትሱን አወለቀ፣ ካልሲውንም አወለቀ፣ ሁለቱን ጫማ በማሰሪያቸው አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና በባዶ እግሩ ሣሩ ላይ ቆመ። ሣሩ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገድ የመራችው እሷ ናት። በዓይኗ አይደለም፤ "አሁን ነፋሱ በግራ ይመጣል፣ አሁን ትንሽ ዳገት አለ" እያለች። ሶል አንባቢው እየተከተለ፣ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ እሺ ብያት ቢሆን እያለ ይቆጭ ነበር። ዓይኗ ሙሉ በነበረ ጊዜ፣ አብረው በሮጡ ነበር።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ፀጥታው ጆሮ ይሞላል። ሰውየው ወደ ታች አየና አፉ ተከፈተ። ከተማው በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሐይቁ ድረስ። ዕድሜ ልኩን ከቁርጭምጭሚት በታች ያየ ሰው ነው። "ያውና ድልድዩ!" አለ። "ያውና አውቶቡስ ፌርማታው! ያ ቀይ ጣሪያ የዳቦ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሱቄ ከሱ ሥር... አይታይም፣ ግን እዚያ ነው! ሰዎቹን እዪያቸው፣ ይህን ያህል ትንሽ ናቸው? ጫማቸው እኮ አይታይም!" እጁን ዘርግቶ ማሳየት ጀመረ። "እዪ እንጂ፣ በዚያ በኩል፣ ከሐይቁ ወደ ቀኝ..."

ዓይኑን ከሐይቁ ሲመልስ ሚስቱ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ፣ ፊት ለፊቱ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። የምታየው እሱን ነው።

"ምነው? ለዚህ አይደል የመጣነው?"

"ከተማውን ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ" አለች። የተላጠውን መዳፏን አንስታ፣ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ ትንሽ ክብ ሠርታ አሳየችው። "አሁን የቀረችኝ ይህችን ታህል ናት። አንድ ፊት ትይዛለች። በወጣሁ ቁጥር፣ እሱ ይሄን ቢያይ ምን ይመስል ይሆን እል ነበር። ዓይኔ ሳይዘጋ ማየት የፈለግሁት ያንን ፊትህን ነው።"

እሱም ፊት ለፊቷ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

"በል ንገረኝ" አለችው። "አንተ እያየህ ንገረኝ፣ እኔ ላይህ።"

ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀመረ። ድልድዩን፣ የዳቦ ቤቱን ጣሪያ፣ ሐይቁ ላይ የቆመችውን አንዲት ጀልባ፣ አንድ በአንድ ነገራት። እንባው ሲወርድ ፊቱን ሊሸፍን እጁን አነሳ፤ መልሶም ጭኑ ላይ አኖረው።